ሁለት የቢሮ ኔትወርክ እየተቆራረጠ ሲያስቸግር፦ ችግሩን ደረጃ በደረጃ መፈለግ

ቢሯችሁ ሁለት ኔትወርክ ካለው ይህን ታውቁታላችሁ። የሒሳብ ክፍል ኮምፒውተር ጠዋት ሰርቨሩን ያገኘዋል፣ ከምሳ በኋላ አያገኘውም። ፒንግ (አለህ ወይ ብሎ መልስ የሚጠብቅ የሙከራ መልእክት) ይሠራል፣ ፋይሉ ግን አይከፈትም። የሒሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪ ተከፍቶ እየተሠራበት ድንገት ቀጥ ይላል። ራውተሩ ጠፍቶ ሲበራ ይስተካከላል፣ ሰው ሁሉ "ተሠራ" ብሎ ወደ ጠረጴዛው ይመለሳል፣ ከሰዓት በኋላ እንደገና ያው ነው።

ጭራሽ የማይሠራ ራውት (ወደ ሌላ ኔትወርክ የሚወስድ መንገድ) ማግኘት ቀላል ነው። የሚያደክመው አንዴ የሚሠራ አንዴ የማይሠራው ነው። እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የሚጠረጠረው የመልሱ መንገድ ነው። ፓኬቱ (ተቆራርጦ የሚላከው የዳታ ቁራጭ) ወደ ሰርቨሩ የሚሄድበትን መንገድ የሚወስነው አንድ መሣሪያ ነው፣ መልሱ የሚመጣበትን የሚወስነው ሌላ። ሁለቱ መንገዶች አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። ብዙ ባለሙያ ግን የሚያየው መሄጃውን ብቻ ነው፣ ስለዚህ ሰዓታት ይባክናሉ።

ነገሩን ለመከተል እንዲቀለን አንድ ቢሮ እንያዝ። አንደኛ ፎቅ 192.168.1.0 ላይ ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ 192.168.2.0 ላይ፣ የሁለቱም ማስክ (የኔትወርኩን ወሰን የሚናገረው ቁጥር) 255.255.255.0 ነው፣ በአጭሩ /24። ኢንተርኔት የሚገባው በአንደኛ ፎቁ ራውተር ነው፣ አድራሻው 192.168.1.1። ሁለቱን ፎቆች የሚያገናኘው ሁለተኛ ራውተር ነው፤ በአንደኛ ፎቅ በኩል 192.168.1.2፣ በሦስተኛ ፎቅ በኩል 192.168.2.1 ይዟል። ሰርቨሩ ሦስተኛ ፎቅ 192.168.2.10 ላይ ተቀምጧል። የተቸገረችው የሒሳብ ሠራተኛ ኮምፒውተር አንደኛ ፎቅ ነው፣ 192.168.1.20። የእናንተ ቁጥር ሌላ ሊሆን ይችላል፣ ቅርጹ ግን ብዙ ቢሮ ውስጥ ይኸው ነው።

ሪስታርት ከማድረጋችሁ በፊት

ሪስታርት ማስረጃውን ያጠፋዋል። የራውት ሰንጠረዡ፣ የአርፕ ዝርዝሩ (የትኛው አይፒ አድራሻ የየትኛው መሣሪያ እንደሆነ የሚይዘው)፣ ፋየርዎሉ (የሚያልፈውንና የማያልፈውን የሚለየው ጥበቃ) የያዛቸው ክፍት ግንኙነቶች ሁሉ ይጸዳሉ። ችግሩ ለጊዜው ይሄዳል፣ ለምን እንደመጣ የሚናገር ነገር ግን አይቀርላችሁም። አለቃ ከኋላ ቆሞ "ምን ሆነ?" እያለ መረጋጋት ከባድ ነው፤ ቢሆንም አሥር ደቂቃ ስጡኝ በሉ።

በዚያ ሰዓት ከተቸገረው ኮምፒውተር ላይ ሲኤምዲ (የዊንዶውስ የትእዛዝ መስኮት) ከፍታችሁ ሦስት ነገር ውሰዱ፤ አይፒኮንፊግ ኦል (ipconfig /all)፣ ራውት ፕሪንት (route print) እና የአርፕ ዝርዝር (arp -a)። በስልክ ፎቶ ማንሳት ይበቃል። ከዚያ ጎኑ ካለ፣ ደህና ከሚሠራ ኮምፒውተር ላይ ያንኑ ውሰዱና አስተያዩ። አድራሻው (ከመጨረሻው ቁጥር በቀር)፣ ማስኩ፣ ጌትዌዩ (ወደ ሌላ ኔትወርክ መውጫው ራውተር)፣ አድራሻ የሰጠው ዲኤችሲፒ ሰርቨር፤ እነዚህ አራቱ አንድ ዓይነት ናቸው? ከአራቱ አንዱ ከተለየ ግማሹ ሥራ አለቀ ማለት ነው።

ወረቀት ላይም ሥዕል ሥሩ። እያንዳንዱ ራውተር በየትኛው ፖርት የትኛውን አድራሻ እንደያዘ፣ ወደ ሌላው ኔትወርክ የሚወስደው ራውት በማን በኩል እንደተጻፈ፣ ጌትዌዩ ማን እንደሆነ። በጭንቅላት የተያዘ ሥዕል ላይ ሁልጊዜ አንድ የተረሳ ራውተር ይኖራል፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ጥፋተኛው እሱ ነው።

ሦስት ፒንግ በአንድ ጊዜ

አሁን ከ192.168.1.20 ላይ ሦስት መስኮት ክፈቱና በሦስቱም የማይቆም ፒንግ ልቀቁ። ዊንዶውስ ላይ ከትእዛዙ በኋላ ሰረዝ ቲ (-t) ስትጨምሩ አይቆምም። አንዱ ወደ ራሷ ጌትዌይ 192.168.1.1፣ ሁለተኛው ወደ መካከለኛው ራውተር 192.168.1.2፣ ሦስተኛው ወደ ሰርቨሩ ይሁን። እየሠራ ተዉትና ችግሩ እስኪመጣ ጠብቁ። ሲመጣ ሰዓቱን ጻፉ።

የቅርቡ ፒንግ ራሱ ከተቋረጠ ስለ ራውት አትጨነቁ፤ ኬብሉን፣ ስዊቹን፣ ዋይፋዩን እዩ። ሁለቱ ራውተሮች እየመለሱ ሰርቨሩ ብቻ ከጠፋ ችግሩ ከመካከለኛው ራውተር ወዲያ ወይም በመልሱ መንገድ ላይ ነው። ሦስቱም እየመለሱ ሥራው ከቆመ ደግሞ ፋየርዎል ወይም የፓኬት መጠን ነው፤ ሁለቱንም ወደ ታች እናያቸዋለን።

የሚወጣውን መልእክት በደንብ አንብቡት። "ሪኩዌስት ታይምድ አውት" ማለት ጥያቄው ወጣ፣ መልስ አልመጣም ማለት ነው፤ ፓኬቱ ሲሄድ ይጥፋ ሲመለስ አይናገርም። "ዴስቲኔሽን ሆስት አንሪቸብል" ግን ከፊቱ አንድ አድራሻ ይዞ ይመጣል፣ የሚናገረው ያ አድራሻ ነው። የራሳችሁ ኮምፒውተር አድራሻ ከሆነ ከኮምፒውተሩ እንኳን አልወጣም። 192.168.1.2 ከሆነ እስከ ሦስተኛ ፎቅ ደርሶ ሰርቨሩን በአርፕ ያጣው ራውተሩ ነው፤ ያኔ ሰርቨሩ መብራቱን፣ ኬብሉን፣ አድራሻው መቀየሩን ሄዳችሁ እዩ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የዊንዶውስ ፋየርዎል ብዙ ጊዜ ከራሱ ሰብኔት (የአድራሻ ክልል) ውጭ ለሚመጣ ፒንግ አይመልስም፣ የፋይል ማጋሪያውንም እንዲሁ ይዘጋል። ከሌላ ፎቅ ፒንግ እንቢ ስላለ ብቻ ራውቱ ተበላሽቷል አትበሉ። የሰርቨሩን ፋየርዎል ከፍታችሁ የፋይልና ፕሪንተር ማጋሪያ ደንቦቹ ውስጥ 192.168.1.0/24ን ጨምሩ። ፋየርዎሉን ጠቅልሎ ማጥፋት መፍትሔ አይደለም፤ ዛሬ ለሙከራ የጠፋ ፋየርዎል ለዓመት ጠፍቶ ይቀራል።

መሄጃና መመለሻ ሲለያዩ

ከ192.168.1.20 ወደ ሰርቨሩ ትሬስርት (tracert፣ ፓኬቱ የሚያልፍባቸውን ራውተሮች የሚዘረዝር ትእዛዝ) አድርጉ። ስም ፍለጋው እንዳያዘገየው ሰረዝ ዲ ጨምሩበት። በምሳሌው ቢሮ የሚወጣው እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ 192.168.1.1፣ ቀጥሎ 192.168.1.2፣ ከዚያ 192.168.2.10። ፓኬቱ በሁለት ራውተር አልፏል።

አሁን የፒንጉን መልስ ተመልከቱ። መጨረሻው ላይ ቲቲኤል የሚል ቁጥር አለ። ዊንዶውስ ሲመልስ ከ128 ይጀምራል፣ ሊኑክስ አብዛኛውን ጊዜ ከ64፣ እያንዳንዱ ራውተር አንድ ይቀንሳል። ሰርቨሩ ዊንዶውስ ሆኖ 127 ካያችሁ መልሱ ያለፈው በአንድ ራውተር ብቻ ነው። ሲሄድ ሁለት፣ ሲመለስ አንድ። ሰርቨሩን ሳትነኩ፣ ከመቀመጫችሁ ሳትነሱ፣ ሁለቱ መንገዶች እንደሚለያዩ አወቃችሁ። ይህን ቁጥር የማየት ልማድ ይኑራችሁ፤ ፒንጉ እየሄደ ቁጥሩ 127፣ 126፣ 127 እያለ ከተለዋወጠም የመመለሻው መንገድ እየተቀያየረ ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ? የሒሳብ ሠራተኛዋ ኮምፒውተር የምታውቀው አንድ ጌትዌይ ነው፣ 192.168.1.1። ስለዚህ ወደ ሦስተኛ ፎቅ የሚሄደውንም ለእሱ ትሰጣለች። እሱ ደግሞ በመጣበት ፖርት መልሶ ለ192.168.1.2 ያቀብላል። ሰርቨሩ ሲመልስ ግን መካከለኛው ራውተር አንደኛ ፎቅ ላይ እግር ስላለው 192.168.1.1ን አያስፈልገውም፤ በቀጥታ ለኮምፒውተሯ ያደርሳል።

ፒንግ በዚህ አይቸገርም። የቲሲፒ ግንኙነት (ፋይልና ፕሮግራም የሚሠራበት፣ ሁለቱ ወገኖች ተነጋግረው የሚከፍቱት) ግን ይቸገራል፣ ምክንያቱም 192.168.1.1 ላይ ያለው ፋየርዎል ግንኙነቱን ይከታተላል። የመክፈቻውን ጥያቄ አየ፣ የሰርቨሩን መልስ ግን አላየም፤ ቀጥሎ ከኮምፒውተሯ የሚመጣው ፓኬት ለእሱ ትርጉም የለውም፣ "ኢንቫሊድ" ብሎ ይጥለዋል። ሚክሮቲክ የሚባለው ራውተር ላይ ከፋብሪካ የሚመጣው የፋየርዎል ዝርዝር ውስጥ ኢንቫሊድን ጣል የሚለው ደንብ አለ። ደንቡ ጥሩ ነው፣ አትሰርዙት።

ታዲያ ለምን አንዳንዴ ይሠራል? ራውተሩ ፓኬቱን በመጣበት ፖርት ሲመልስ ለኮምፒውተሩ "ቀጣዩን በቀጥታ ለ192.168.1.2 ስጠው" የሚል መልእክት ይልካል፣ ሪዳይሬክት ይባላል። ኮምፒውተሩ ከተቀበለው ጊዜያዊ ራውት ይይዝና ይሠራል። ካልተቀበለው፣ ወይም መልእክቱ በመንገድ ከተዘጋ፣ አይሠራም። የያዘው ራውትም ለዘለቄታው አይቆይም። ጎን ለጎን ከተቀመጡ ሁለት ኮምፒውተሮች አንዱ ሲሠራ ሌላው እንቢ የሚለው በዚህ ነው። እየሠራ ባለበት ሰዓት ትሬስርት ብታደርጉ የመጀመሪያው መስመር 192.168.1.2 ሆኖ ታገኙታላችሁ።

መፍትሔው ብዙ ነው፣ እኩል ግን አይደለም። እኔ ሁልጊዜ የምመርጠው ሁለቱን ራውተሮች ለብቻቸው በሚያገናኝ ትንሽ ኔትወርክ ማገናኘትን ነው። የመካከለኛውን ራውተር ኬብል ከአንደኛ ፎቁ ስዊች ንቀሉና 192.168.1.1 ላይ ባዶ ፖርት ውስጥ ሰኩት። ያንን ፖርት ከብሪጁ (ፖርቶቹን እንደ አንድ ስዊች ከሚያያይዘው) አውጡት። በአንዱ በኩል 10.255.255.1፣ በሌላው 10.255.255.2 ስጡ፣ ማስኩ 255.255.255.252። አንደኛው ራውተር ላይ ወደ 192.168.2.0/24 የሚወስደው ራውት በ10.255.255.2 በኩል ይሁን፣ ሁለተኛው ላይ ዲፎልት ራውቱ (ሌላ መንገድ ላልተጻፈለት ሁሉ የሚሆነው) በ10.255.255.1 በኩል። አሮጌውን 192.168.1.2 ሰርዙት። ከዚህ በኋላ መሄጃውም መመለሻውም በሁለቱ ራውተሮች ብቻ ነው የሚያልፈው፣ አማራጭ የለውም።

ሚክሮቲክ ከሆነ አንድ ነገር እንዳትረሱ። ከብሪጁ የወጣው አዲሱ ፖርት "ላን" (የውስጥ ኔትወርክ) በሚለው የኢንተርፌስ (የፖርቶች) ዝርዝር ውስጥ መግባት አለበት። ካልገባ ፋየርዎሉ ከሦስተኛ ፎቅ ወደ ራውተሩ የሚመጣውን የዲኤንኤስ ጥያቄ (የድረ ገጽ ስምን ወደ አድራሻ የሚያስቀይረውን) ይጥላል፣ ሰውም "ሰርቨሩ ሠራ፣ ኢንተርኔቱ ጠፋ" ይላል።

ኬብል ማንቀሳቀስ ካልተቻለ ኮምፒውተሮቹን ራውቱን አስተምሯቸው። ጥቂት ከሆኑ ራውት አድ ብላችሁ 192.168.2.0 በ192.168.1.2 በኩል ብላችሁ መጻፍ ትችላላችሁ፤ ሰረዝ ፒ ካልጨመራችሁ ግን ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ራውቱም ይጠፋል። መብራት በሚሄድበት አገር ይህ ራሱን የቻለ የመቆራረጥ ምንጭ ነው። ብዙ ከሆኑ ዲኤችሲፒው በኦፕሽን 121 ራውቱን እንዲያድል አድርጉ። እዚያ ላይ ዲፎልት ራውቱንም አብራችሁ መጻፍ አለባችሁ፤ 121ን ያገኘ ኮምፒውተር በተለመደው መንገድ የተሰጠውን ጌትዌይ ሊተወው ይችላል።

ሌላው ሰው የሚወደው መንገድ መካከለኛው ራውተር ላይ ናት (NAT፣ የላኪውን አድራሻ በራውተሩ አድራሻ የሚቀይረውን) መክፈት ነው። ይሠራል፣ እውነት ነው። ግን ሰርቨሩ ሁሉንም ሰው በአንድ አድራሻ ያየዋል፤ ማን ገብቶ ምን እንዳጠፋ መለየት አይቻልም። ለሒሳብ ሰርቨር እኔ አልመክረውም። እንዲያውም ከሦስተኛ ወደ አንደኛ ፎቅ ይሠራል፣ ከአንደኛ ወደ ሦስተኛ ግን አይሠራም ከተባላችሁ፣ መካከለኛው መሣሪያ ለቤት ተብሎ የተሠራ ራውተር ሆኖ ናቱ ክፍት መሆኑን አጣሩ።

ብዙ ጊዜ የሚገኙ ሌሎች ጥፋተኞች

ሁለተኛ ዲኤችሲፒ። አንድ ሰው ዋይፋይ እንዲደርሰው ብሎ ትንሽ ራውተር ገዝቶ ግድግዳው ላይ ሰክቷል። ያ ራውተር የራሱን አድራሻና የራሱን ጌትዌይ ያድላል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ደግሞ ትንሹ ቀድሞ ይነሳና ግማሹን ቢሮ ይወስዳል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ አይፒኮንፊግ ኦል ላይ ዲኤችሲፒ ሰርቨር የሚለው መስመር የማታውቁትን አድራሻ ያሳያል። ማክ አድራሻውን (ከፋብሪካ የተሰጠውን የመሣሪያ ቁጥር) ከአርፕ ዝርዝር ውሰዱ፣ ስዊቹ ላይ በየትኛው ፖርት እንዳለ ፈልጉ፣ ዲኤችሲፒውን አጥፉና ኬብሉ ላን ፖርት ላይ መሰካቱን አረጋግጡ። የራሱ አድራሻም ከዋናው ራውተር ጋር እንዳይጋጭ ቀይሩለት።

የተሳሳተ ማስክ። በእጅ አድራሻ የተሰጠው ኮምፒውተር ወይም ፕሪንተር ማስኩ 255.255.0.0 ከሆነ 192.168.2.10 ጎረቤቱ ይመስለዋል። ለጌትዌዩ አይሰጥም፣ በአርፕ ራሱ ይፈልገዋል። ፕሮክሲ አርፕ (በሌላ ኔትወርክ ላለ መሣሪያ ፈንታ ራውተሩ ለአርፕ የሚመልስበት) የተከፈተበት ራውተር ካለ ይመልስለታል፣ ከሌለ ዝም። ራውተር ተቀይሮ አንድ ፕሪንተር ብቻ ድንገት ከጠፋ መጀመሪያ ይህን እዩ።

ሁለት ጌትዌይ። ሰርቨሩ ሁለት የኔትወርክ ካርድ ኖሮት በሁለቱም ላይ ጌትዌይ ከተጻፈ መልሱ በየትኛው እንደሚወጣ እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ጌትዌይ በአንዱ ካርድ ላይ ብቻ ይሁን፤ በሌላው በኩል ላለው ኔትወርክ ቋሚ ራውት ጻፉ።

ተመሳሳይ ሰብኔት። ሁለት ቅርንጫፍ በቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ በሚዘረጋ የግል መስመር) ለማገናኘት ስትሞክሩ ሁለቱም 192.168.1.0 ላይ ቢሆኑ አትገረሙ፣ ብዙ ሞደም ከፋብሪካው በዚያ ነው የሚመጣው። እዚህ ላይ አቋራጭ አትፈልጉ። አንዱን ቅርንጫፍ ቅዳሜ ከሰዓት ገብታችሁ ወደ ሌላ ቁጥር ቀይሩት፣ ለምሳሌ 10.20.1.0/24። ፕሪንተሮቹን፣ ካሜራዎቹንና የጣት አሻራ ማሽኑን አትርሱ፤ አድራሻቸው በእጅ የተሞላ ነው።

ትንሹ ያልፋል፣ ትልቁ ይቀራል

ቅርንጫፎቹ በቪፒኤን ተገናኝተው ፒንግ ጥሩ ከሆነ፣ የመግቢያው ገጽ ከተከፈተ፣ ትልቅ ፋይል ሲላክ ግን ከተንጠለጠለ የፓኬት መጠኑን ለኩ። ፒንግ ላይ ሰረዝ ኤፍ እና ሰረዝ ኤል 1472 ጨምሩ። የመጀመሪያው "አትቆራርጠው" ይላል፣ ሁለተኛው መጠኑን ይሰጣል። 1472 ላይ 28 ባይት ራስጌ ሲደመር 1500 ይሆናል፣ የተለመደው የኤተርኔት ልክ። ቪፒኤኑ የራሱን መጠቅለያ ስለሚጨምር ይህ ልክ አያልፍም። ዋየርጋርድ የሚባለው ቪፒኤን ብዙ ጊዜ 1420 ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ስለዚህ 1392 አልፎ 1393 እንቢ ማለት አለበት። መስመሩ ፒፒፒኦኢ (በስምና በይለፍ ቃል የሚገባ የኢንተርኔት መስመር) ከሆነ ደግሞ ራሱ ኢንተርኔቱ 1492 ነው።

መጠኑን እየቀነሳችሁ የሚያልፈውን ትልቁን ቁጥር አግኙ፣ 28 ጨምሩበት፤ የመንገዱ ልክ ያ ነው። ከዚያ ራውተሩ ላይ የቲሲፒ ኤምኤስኤስን (በአንድ ፓኬት የሚጫነውን ትልቁን የዳታ መጠን) ከልኩ 40 ቀንሳችሁ አስቀምጡ፤ ለ1420 ማለት 1380። በየኮምፒውተሩ መዞር አያስፈልግም። ደግሞም ፋየርዎል ላይ አይሲኤምፒን (ፒንግና የስህተት ማስታወቂያ የሚሄድበትን) ጨርሶ የዘጋ ካለ ይክፈተው፤ "ፓኬቱ ትልቅ ነው" የሚለው ማስታወቂያ የሚመጣው በእሱ ነው፣ ሲዘጋ ላኪው ሳያውቅ ይቀራል።

ቪፒኤኑ ተመልሶ ስልኩ ያልተመለሰ ጊዜ

ይህ ብዙ ሰው ያላስተዋለው ነው። የቅርንጫፉ ቪፒኤን ለአንድ ደቂቃ ወድቆ ተነሳ እንበል። ኮምፒውተሮቹ ወዲያው ይመለሳሉ፣ የአይፒ ስልኮቹ ግን ለረጅም ጊዜ ጠፍተው ይቀራሉ። ምክንያቱ ይህ ነው። ቪፒኤኑ ሲወድቅ ወደ ሌላው ቅርንጫፍ የሚወስደው ራውት ከሰንጠረዡ ይወጣል፣ ፓኬቱ ዲፎልት ራውቱን ይዞ ወደ ኢንተርኔት ይሄዳል፣ ናቱም አድራሻውን ቀይሮ ይመዘግበዋል። ስልኩ መላኩን አያቆምም፣ ስለዚህ መዝገቡ አይሰረዝም። ቪፒኤኑ ቢነሳም የስልኩ ፓኬቶች በተበላሸው መዝገብ መሠረት የተቀየረ አድራሻ ይዘው መሄዳቸውን ይቀጥላሉ። ሪስታርት የሚያስተካክለው ይህን መዝገብ ስለሚያጸዳ ነው።

መድኃኒቱ አንድ መስመር ነው። ወደዚያው ኔትወርክ ሁለተኛ ራውት ጻፉ፣ ዓይነቱ ብላክሆል (ፓኬቱን የሚጥል)፣ ዲስታንሱ (ትንሹ የሚቀድምበት የቅድሚያ ቁጥር) ከዋናው የሚበልጥ፣ ለምሳሌ 250። ቪፒኤኑ ሲኖር አይነካም። ሲወድቅ ፓኬቱን እዚያው ይጥለዋል፣ የውስጥ ትራፊክ ወደ ውጭ አይፈስም፣ የተሳሳተ መዝገብም አይፈጠርም። አሁን ያለውን የተበላሸ መዝገብ ግን ከኮኔክሽን ዝርዝሩ ላይ የስልኩን አድራሻ ፈልጋችሁ በእጅ ሰርዙት።

አሁንም ካልተገኘ

በሁለቱም ራውተር ላይ ፓኬቱን በዓይናችሁ እዩት። ሚክሮቲክ ላይ ቶርች ወይም ስኒፈር አለ፣ ሊኑክስ ላይ ቲሲፒደምፕ። ከ192.168.1.20 ወደ 192.168.2.10 የሚሄደውን ብቻ አጣሩና በየፖርቱ ተከተሉት። ገባ? ወጣ? መልሱ ገባ? መልሱ ወጣ? ከአራቱ አንዱ ላይ "አይ" ስትሉ ቦታው እሱ ነው። ገብቶ ካልወጣ ፋየርዎሉ ወይም ራውቱ ነው። ወጥቶ መልሱ ካልመጣ ወደ ቀጣዩ መሣሪያ ሂዱ። ሰርቨሩ ላይ ገብቶ መልሱ በሌላ ካርድ ከወጣ ደግሞ ሁለት ጌትዌይ ወደሚለው ተመለሱ። ስኒፈር ስትጠቀሙ ሚክሮቲኩ ላይ ፋስትትራክ (ትራፊኩን በአቋራጭ የሚያሳልፈው ማፋጠኛ) በርቶ ከሆነ ለጊዜው አጥፉት፤ የተፋጠነው ትራፊክ ሙሉ በሙሉ ላይታያችሁ ይችላል።

የኢንተርፌሱን ገጽም ተመልከቱ። ሊንክ ዳውንስ የሚለው ቁጥር እየጨመረ ከሆነ ኬብሉ ወይም ፖርቱ እየወደቀ እየተነሳ ነው፣ ራውቱም አብሮ ይወድቃል። የኤረር ቁጥሩ ካደገ ኬብሉን ቀይሩ፤ ኬብል ርካሽ ነው።

ሁለት ወይም ሦስት ራውተር ላለው ቢሮ በእጅ የተጻፈ ራውት ይበቃል። ኦኤስፒኤፍ (ራውተሮች ራውት በራሳቸው የሚለዋወጡበት) ካላችሁና ጎረቤት ራውተሮቹ ኤክስስታርት በሚባለው የመነሻ ደረጃ ላይ ተጣብቀው ከቀሩ የሁለቱን ፖርት ኤምቲዩ (ትልቁን የፓኬት መጠን) አስተያዩ፣ አንድ መሆን አለበት።

ካስተካከላችሁ በኋላ ሰው ከቢሮ ሲወጣ ጠብቁና ኃይሉን ከዋናው ሶኬት ቁረጡ። ሁሉም መሣሪያ ይጥፋ፣ ከዚያ መልሱት፣ ማንም እጁን ሳያስገባ ይነሳ። ትሬስርቱን ከሁለቱም በኩል አድርጉ፣ ቲቲኤሉን እዩ፣ አንድ ትልቅ ፋይል ከአንደኛ ወደ ሦስተኛ ፎቅ፣ ሌላ ከሦስተኛ ወደ አንደኛ ላኩ። ያለፈው ውጤት ላይ ቀኑን ጻፉበትና ከወረቀቱ ሥዕል ጋር ራውተሩ ያለበት ሳጥን ውስጥ ለጥፉት።